ሁለት ቤት ወደ ኋላ

በርገን ዘንቦ አያባራም፤ ወደቡ ጨልሟል፣
ምድር ቤቱ ውስጥ ግን አረንጓዴ በርቷል።
ትናንት ነው የገባው አዲሱ ድራይቭ፣ ዘጠነኛ ትውልድ፣
ላስቲኩ ያልተላጠ፣ አራት መቶ ሜጋባይት በሴኮንድ የሚነጉድ።

ቶርዲስ ከመደርደሪያው አንድ ካሴት አወጣች፣
አቧራውን በክንዷ ጠረግ አደረገች፤
«ሄሪንግ፣ መጋቢት፣ ሦስተኛ ትውልድ» ይላል ጀርባው ላይ፣
ግራጫ እርሳስ፣ የፈዘዘ፣ እንደ በርገን ሰማይ።
ውስጡ ያለው ማሚቶ ነው፤ ከመርከብ ሆድ ወርዶ፣
ለአጥማጅ የምሥራች፣ ለዓሣዎቹ መርዶ።

አጎረሰችው።
ዋጠ። አሰበ። አዞረው ሁለት ዙር፣
የማያውቁት ቃል ምላስ ላይ እንደሚያስቸግር፣
ተፋው።

ሰው ለጋብቻ ሲጠያየቅ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣
የአያት የቅድመ አያቱን ስም በጣቱ ይጠራል፤
ማሽን እንዲህ አይዘልቅም። የፊተኞቹ ደግ ነበሩ፣
አባት ላይ የሚጽፉ፣ አያትን የሚያነቡ፣ ሁለት ቤት የሚቆጥሩ።
ይኼኛው ግን የሚያውቀው አባቱን ነው፣ እሱንም በግድ፤
«አያትህ መጣ» ቢሉት «የማን ነው?» ይላል፣ «የማን ዘመድ?»
ሦስተኛና ዘጠነኛ ቤት መምታት አቃታቸው፣
ግጥም ቢሆን ኖሮ አንድ ፊደል ባስታረቃቸው።

ደወለች። ኡድቫር ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ፣
ከፊዮርዱ ማዶ፣ ከጀልባው አጠገብ ነው ቤቱ።
«አምስተኛውን ነው የምትፈልጊው፤ እሱ ነው ሦስተኛን የሚያውቅ፤
መረብ ሥር አለኝ» አለ፣ ግማሹ ሳል፣ ግማሹ ሳቅ።
ቢሮው ሲጥለው ነበር ያነሣው፣ ከቆሻሻ ገንዳ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያውቅበት፣ እንደ ግል ዕዳ።

በጠዋቱ ጀልባ መጣ፣ በሱፍ ሹራብ ጠቅልሎት፣
ጉንፋን እንደያዘው ልጅ ደረቱ ላይ አስጠግቶት።
ሽታው የዓሣ ዘይት፤ ገመዱ አሮጌ፣ ጥርሱ የበዛ፣
የሚስማማ መሰኪያ ጠፍቶ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ተገዛ።
ከቀትር በኋላ ነቃ። አጉረመረመ። አጎረሱት፤ አልተፋም።
ሰማንያ ሜጋባይት፤ ቀስ ይላል፣ ግን አያንቀላፋም።

«በቀጥታ ላገናኛቸው» አለች፤ አሮጌው እየቀዳ፣
ከጎኑ አዲሱ ሊጽፍ አፉን ከፍቶ ተሰናዳ።
ሮጠ፤ የሚጽፈው አለቀበት፤ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተጠቀለለ፤
ደግሞ ሮጠ፣ ደግሞ ቆመ፣ ያንኑ ስንዝር እያመላለሰ ዋለለ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።
ይህን ማሽን ያየች መሰለኝ፣ መጀመሪያ የተረተች።

ኡድቫር ከወንበሩ ሳይነሣ፦ «ሃርድ ዲስክ አስቀምጪ መሃል፤
ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። እሱ ሲሞላ ያኛው ይጠግባል።»
አራት መቶ ነኝ ያለው በሰማንያ እግር አደረ፣
ፈረሰኛ ከእግረኛ ኋላ ተራ ይዞ ቆመ፤ አላማረረ።

ዐሥራ አንድ ካሴት፤ ለአንዱ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።
ቡናማ አይብ በዳቦ ተካፈሉ። ወሬያቸው አለቀ፤ ሰዓቱ አላለቀም።

ሰባተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣
ዘጠና አንድ በመቶ ላይ ደርሶ የቀረውን ካደ።
አጸዱት፤ አበረዱት፤ ኡድቫርም በስሙ ተጣራ፤
ምንም። የሁለት ሳምንት መንጋ ጠፋ ከነማሚቶው፣ ከነጭራ።
«እነዚያ እንኳ አመለጡ» አለ።
ቶርዲስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን መለሰችው።

ሲነጋ ሁሉም አንድ አዲስ ካሴት ውስጥ ገባ፤ ሩቡን እንኳ አልሞላ፤
የስንት ዓመት ባሕር፣ በአንድ መዳፍ ጥላ።
እርሳስ አንሥታ ጀርባው ላይ ስሙን፣ ትውልዱን ጻፈች፣
ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ከታች፣ አንድ መስመር ጨመረች፦
«ይህን የምታስቀምጥ፣ ማንበቢያውንም አስቀምጥ።»
ዐሥራ አንደኛው ሲወለድ ይኼም ቅድመ አያት ነው፤ ማን ያዳምጥ?

«እዚሁ ይቆይልን?» አለችው፤ ሹራቡን ሲዘረጋ አይታ።
ኡድቫር አሮጌውን ጠቀለለ፣ እጅጌውን በእጅጌ አስሮ ቆይታ
ሳያበዛ፦ «ቢሮ ይጥለዋል።
መረብ ሥር ይሻለዋል።»